የመሀል ከተማው አሮጌ ሱቅ ቤት፦ በምን ቆመ? ምንስ ይጥለዋል?

ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና ወይም ሌላ የሰሜን ሸዋ ከተማ ደርሶ ዋናውን መንገድ ይዞ የሄደ ሰው እነዚህን ቤቶች ያውቃቸዋል። ቆርቆሯቸው ዝጓል፣ በረንዳቸው ጎብጧል፤ ከታች ሦስት አራት ሱቅ ተደርድሮ፣ ፎቅ ያለው ከሆነ ደግሞ ከላይ የተዘጋ መስኮት ይታያል። የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ክልል ከተሞች ከዘለቀ ወዲህ የእነዚህ ቤቶች ነገር በየቡና ቤቱ ይነሳል። አንዱ «ቅርስ ነው፣ አይነካ» ይላል፤ ሌላው «ጭቃ ነው፣ ይነሣ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሁለቱም ግድግዳውን ቀርበው አላዩትም።

ይህ ማብራሪያ ይነሣ ወይስ ይቆይ ለሚለው መልስ አይሰጥም። ቤቱ እንዴት እንደተሠራ፣ ዕድሜው እንዴት እንደሚታወቅ፣ ምን እንደሚጎዳውና ምን እንደሚያድነው ያሳያል። «ሱቅ ቤት» የምንለው ፊቱ ወደ መንገድ ወይም ወደ ገበያ የዞረ፣ ከፊት የሚሸጥበት፣ ከኋላው ወይም ከላዩ ዕቃ የሚከማችበትና ሰው የሚኖርበትን ቤት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ከተማው ከ500 ዓመት በላይ ከሆነው ሱቁ ለምን አልሆነውም?

ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው ከ1426 እስከ 1460 የነገሠው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው። ስለዚህ የከተማው ስም ከ500 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የዚያ ዘመን ከተማ ግን በአብዛኛው ከእንጨት፣ ከጭቃና ከሣር የተሠራ ነበር፤ ንጉሡ ሲነሣ ከተማውም አብሮ ይነሣል። በ1520ዎቹ የመጣው የግራኝ አሕመድ ጦርነት ደግሞ የተረፈውን አልማረም። ዛሬ በመሀል ከተማ የሚታየው አሮጌ ሱቅ በአመዛኙ ያለፉት 100 ዓመታት ሥራ ነው።

ምክንያቱ ከታሪክ ይልቅ ጣራ ላይ ነው። የሣር ክዳን ዝናብ እንዲያንሸራትት ቁልቁለቱ ከባድ መሆን አለበት፤ ቤቱም ክብ ሲሆን ይመቸዋል። ክብ ቤት ከክብ ቤት ጋር ግድግዳ አይጋራም። ቢጋራ እንኳ አንዱ ሲቃጠል ሰፈሩ ሁሉ ይቃጠላል። ጎን ለጎን ተጣብቆ አንድ ጣራ የተጋራ የሱቅ ረድፍ ሊኖር የቻለው ቆርቆሮ ሲመጣ ነው። ቆርቆሮ በዝቅተኛ ቁልቁለት ይሠራል፣ አራት ማዕዘን ቤት ይወዳል፣ እሳት ቶሎ አይዘውም። ከእርሱ ጋር ቀጥ ያለ እንጨት ያስፈልጋል፤ እርሱም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቆርቆሮውንና ሚስማሩን በብዛት ያመጣው ባቡር ሲሆን፣ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። ሱቅ ቤት የሦስቱ፣ የቆርቆሮው፣ የባሕር ዛፉና የባቡሩ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በፊት ንግዱ የት ነበር?

ከገደሉ በታች። አንኮበር የሸዋ መናገሻ በነበረችበት ዘመን የንግዱ ልብ አልዩ አምባ ነበረች፤ ከአንኮበር ቁልቁል የምትገኝ፣ ዓርብ ዓርብ የምትገበያይ የነጋዴ ከተማ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ፣ በ1830ዎቹ፣ ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ቅፍለት (የነጋዴ ጓዝ ጉዞ) የሚያራግፈው እዚያ ነበር። አሞሌ ጨው፣ ጨርቅ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ እንደ ዘመኑ ክፉ ልማድ ባሪያም ይሸጥ ነበር።

እዚያ የነበረው ግን ገበያ ነው፤ ሱቅ አልነበረም። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል እንጂ ሕንፃውን የሚወስነው እርሱ ነው። ገበያ በሳምንት አንድ ቀን ይቆማል፤ ሻጩ መሬት ላይ መደብ ይዞ ይቀመጣል፣ ዕቃው ማታ ወደ ቤት ይገባል። ሱቅ የሚሠራው ገዢ በየቀኑ ሲመጣ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ከተቆረቆረችና ባቡሩ በሌላ አቅጣጫ ከዘረጋ በኋላ የአልዩ አምባ የቅፍለት መንገድ ተዳከመ። የሰሜን ሸዋ ሱቅ በአዲሱ የመኪና መንገድ ዳር የበቀለው ለዚህ ነው።

የመኪናው መንገድ ምን ለወጠ?

ፊትን አዞረ። በሚያዝያ 1928 የጣሊያን ጦር ከደሴ ተነሥቶ በጣርማ በርና በደብረ ብርሃን አድርጎ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። መኪኖቹ እዚያ ዳገት ላይ ያዩት መከራ ብዙ ነበርና ወራሪው መንገድ ወደ መሥራት ዞረ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጠውን የጣርማ በርን ጫፍ የሚሰነጥቀው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ዋሻ የዚያ ዘመን ሥራ ነው።

መንገዱ ሲያልፍ መኪና የግድ የሚቆምባቸው ቦታዎች ተፈጠሩ። ደብረ ሲና ከዳገቱ ሥር ናት፤ ወጪው ሞተሩን ሊያበርድ፣ ወራጁ ፍሬኑን ሊያይ ይቆማል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ለምሳ ወይም ለማደሪያ ትመቻለች። መኪና በቆመበት ሻይ ቤት፣ ሆቴል፣ ነዳጅ፣ ጨርቃ ጨርቅ ይከተላል። ቤቶቹ ጀርባቸውን ለገበያው፣ ፊታቸውን ለአስፋልቱ ሰጡ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። ድንጋይ የሆነ ሁሉ «የጣሊያን ቤት» ይባላል፤ አይደለም። በመንዝና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለው ደጋ እንጨት ያጣ፣ ድንጋይ የተረፈው አገር ነው። ገበሬው ከጣሊያን በፊት ቤቱንም አጥሩንም በድንጋይ ይሠራ ነበር። የጣሊያኑን ሥራ የሚለየው ሌላ ነገር ነው፦ ጣራውን ከፊት የሚደብቅ ቀጥ ያለ ከፍታ፣ በበርና በመስኮት አናት ላይ በፌሮ የተፈሰሰ አርማታ፣ እኩል የተጠረበ የማዕዘን ድንጋይ፣ አንዳንዴም በቅስት የተሠራ በረንዳ። በበርና በመስኮት አናት ላይ የእንጨት ጉበን (አግዳሚ) ያለው፣ ድንጋዩ በጭቃ የተያያዘ ግድግዳ በአብዛኛው ያገሬው ግንበኛ እጅ ነው።

ውስጡ እንዴት ተከፍሏል?

ፊቱ ጠባብ፣ ጥልቀቱ ረዥም ነው፤ የመንገድ ዳር ቦታ ውድ ስለሆነ። ከፊት በረንዳ አለ። በረንዳው ለጌጥ አልተሠራም፤ የበቅሎና የአህያ ጭነት ሲራገፍ እህሉ ዝናብ እንዳይመታው፣ ሚዛኑ እንዲቆም፣ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ብርሃን እንዲያገኝ ነው። ከበረንዳው ቀጥሎ ሁለት ተካፋች ሳንቃ በር፣ ከዚያ ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ኋላ እስከ ኮርኒስ የሚደርስ መደርደሪያ ይመጣል። ኮርኒሱ ብዙ ጊዜ አቡጀዲ ነው፤ በዱቄት ሙጫ ተወጥሮ ኖራ የተቀባ። ከኋላ መጋዘኑ አለ፤ መስኮቱ ትንሽ፣ ከፍ ያለና ፍርግርግ ያለበት ነው። ፎቅ ካለው መኖሪያው ከላይ ይሆናል፤ ደረጃውም ከኋላ ግቢ ይወጣል፤ ገዢና ቤተሰብ እንዳይጋፋ።

በትልልቆቹ ላይ የሚታየው የእንጨት ባልኮኒና የተፈለፈለ የጣራ ጫፍ ከአዲስ አበባ የመጣ ፋሽን ነው። እዚያ ደግሞ በምኒልክ ጊዜ የህንድ፣ የአርመንና የግሪክ ባለሙያዎች ያስለመዱት ነው።

ግድግዳው ከምንድን ነው?

ሦስት ዓይነት ይገኛል፤ አንዱ ቤት ውስጥ ሦስቱም ሊኖሩ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ጭቃ ነው። ባሕር ዛፍ ቋሚ በየ30 ሳንቲ ሜትር ግድም ይተከላል፣ በሁለቱም ጎን ማገር ይመታበታል፣ መሀሉ በጭቃ ይሞላል። ጭቃው አፈር፣ ውኃና ጭድ ሲሆን፣ እየተረገጠ ለቀናት ይቦካል። ጭዱ ሥራው ስንጥቁን መበተን ነው፤ ጭድ የሌለው ጭቃ ሲደርቅ አንድ ትልቅ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ ጭድ ያለው ግን መቶ ጥቃቅን ይሰነጠቅና ይያዛል። የመጀመሪያው ሙሌት ሳምንታት ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ሁለተኛው ይደገማል፤ በመጨረሻ በደቃቅ አፈርና በእበት ምርጊት ይለሰልሳል። ውፍረቱ ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ነው።

ሁለተኛው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው። ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይወፍራል። ከውጭ ሲታይ አንድ ግድግዳ ይመስላል፤ በእውነቱ ሁለት ነው። የውጭ ፊትና የውስጥ ፊት ለየብቻ ይገነባሉ፤ መሀላቸው በጠጠርና በጭቃ ይሞላል። ሁለቱን የሚያስተሳስረው ከፊት እስከ ፊት የሚዘልቅ ረዥም ድንጋይ ነው፤ ማሰሪያ ድንጋይ እንበለው። ጎበዝ ግንበኛ በየሜትሩ ግድም አንድ ያስገባል። ሰነፉ ይዘለዋል፤ ስንፍናው የሚታወቀው ከ40 ዓመት በኋላ ነው።

ሦስተኛው በኖራ ወይም በሲሚንቶ የተያያዘ ድንጋይ፣ አርማታ ሶሌታ (ወለል) እና ትራቭ (ተሸካሚ አግዳሚ) ያለው ነው።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ልስኑን ማፍረስ አያስፈልግም። የመብራት ማብሪያ ወይም የተቦረቦረ ጥግ ፈልጎ መገጣጠሚያውን በቁልፍ ጫፍ መፋቅ ይበቃል። ቡናማ ሆኖ እንደ አፈር ከተፈረፈረ ጭቃ ነው። ነጭ ሆኖ በጥፍር ከተጫረና በሎሚ ጠብታ ከአረፋ ኖራ ሊሆን ይችላል። ግራጫ ሆኖ ቁልፉን ካሸነፈ ሲሚንቶ ነው።

ዕድሜው እንዴት ይታወቃል?

ሰው የሚነግረው ዕድሜ ብዙ ጊዜ የቦታው እንጂ የቤቱ አይደለም። ቤቱ ራሱ የሚሰጠው ማስረጃ ይሻላል። በውስጥ ግድግዳ ከቀለሙ ሥር የተለጠፈ ጋዜጣ ካለ ትልቅ ዕድል ነው፤ ድሮ ግድግዳ በጋዜጣ ማልበስ የተለመደ ነበር። ጋዜጣው ላይ ያለው ቀን ልባሱ ከዚያ በፊት ሊለጠፍ እንደማይችል ያረጋግጣል። «አዲስ ዘመን» መታተም የጀመረው በ1933 ስለሆነ፣ እርሱ የተለጠፈበት ንጣፍ ከዚያ ወዲህ ነው። ጥንቃቄው ይኸውና፦ ጋዜጣው የልባሱን ዕድሜ ይናገራል እንጂ የግድግዳውን አይናገርም፤ ግድግዳው ጋዜጣው ከመለጠፉ በፊት የቆመ ነው።

ቆርቆሮውንም ማየት ይጠቅማል። አሮጌው ቆርቆሮ ከዛሬው ይወፍራል። በጌጅ ሲቆጠር ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቆርቆሮው ይወፍራል፤ 28 ጌጅ ከ32 ጌጅ ይበልጣል። ጣራው ላይ የተለያየ ውፍረት ካገኛችሁ ጣራው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተነክቷል። መስታወቱ በጎን ሲታይ የሚያወላግድ ከሆነም የቆየ ነው።

ሲሚንቶ ምን አደረገ?

በዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ፤ ብዙ ቤት የሚወድቀው በእርጅና ሳይሆን በ«እድሳት» ነውና።

ሰሜን ሸዋ የሲሚንቶ አገር ሆኗል፤ ለሚ አካባቢ ግዙፍ ፋብሪካ በ2017 ሥራ ጀምሯል። ለአዲስ ቤት መልካም ነው። ችግሩ የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን ነው። ጋቢ የለበሰ ሰው ቢያልበው ላቡ በጋቢው ይወጣል። ላስቲክ ቢያለብሱት ላቡ ወደ ገላው ይመለሳል። የጭቃና የኖራ ግድግዳ ጋቢ ነው። ከመሬት በታች ውኃ ይስባል፣ እስከ 1 ሜትር ያህልም ይወጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ ግን በፊቱ ይተናል። ሲሚንቶ ልስን ላስቲኩ ነው፤ ውኃው ከኋላው ይታሰራል፣ ጭቃውን ያላላል፣ ቋሚዎቹን ሥራቸው ላይ ያበሰብሳል። ከውጭ ልስኑ ደህና ይመስላል። ስታንኳኩት ግን ከበሮ ይሆናል። ልስኑ ሲገነጠል ደግሞ ሲሚንቶው ከግድግዳው ስለሚጠነክር የግድግዳውን ፊት ይዞ ይሄዳል። ፕላስቲክ ቀለምና ዘይት ቀለምም ሥራቸው ያው ነው፤ ቀጠን ያለ ላስቲክ።

በደብረ ብርሃን ሁለተኛ ጠላት አለ፤ ውርጭ። ከተማዋ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ስለተቀመጠች ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ውኃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ያህል ይሰፋል። ከልስኑ ጀርባ የታሰረው ውኃ ሌሊት ይሰፋል፣ ቀን ይቀልጣል፣ በማግሥቱ ይደግመዋል። ድንጋይ እንኳ በዚህ ይላጣል።

ሦስተኛው ከመንገዱ ይመጣል። አስፋልት ወይም ኮብልስቶን በተነጠፈ ቁጥር መንገዱ ከፍ ይላል። ድሮ ሁለት ደረጃ ወጥተው የሚገቡበት ሱቅ ዛሬ አንድ ደረጃ ወርደው የሚገቡበት ሆኗል። ለዝናብ ታስቦ የተሠራው የድንጋይ መሠረት ተቀብሮ፣ ጭቃው በቀጥታ ከጎርፍ ጋር ተገናኘ። ይህን ያየ ባለሱቅ የሚወስደው እርምጃ ደግሞ የታችኛውን 1 ሜትር በሲሚንቶ መለሰን ነው፤ ቁስል ላይ ላስቲክ ማሰር ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ውኃውን ከግድግዳው ማራቅ። አሸንዳው ይጠገን፤ ከአሸንዳው የሚወርደው ውኃም ቱቦ ይዞ ከግድግዳው ይራቅ። ቆርቆሮ ሲደረብ ከጎን አንድ ተኩል ሞገድ፣ ከላይ ወደ ታች ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይደራረብ። ሚስማሩ በሞገዱ ጀርባ ላይ ይመታ፤ ቦዩ ላይ የተመታ ሚስማር በመጀመሪያው ክረምት ያፈስሳል። የጣራው ጫፍ ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። መንገዱ ከወለሉ ከፍ ካለ፣ ከግድግዳው ጥቂት ራቅ ብሎ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ቦይ ይቆፈርና ጠጠር ይሞላ፤ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ያዘቅዝቅ። ቦዩ ከመሠረቱ ግርጌ ዝቅ ካለ መሠረቱን ያናጋል፤ ጥልቀቱ ሳይለካ አይጀመር።

ቀጥሎ ሲሚንቶውን ማንሣት። ከታችኛው 1 ሜትር ይጀመራል፤ በትንሽ መሮ፣ በቀስታ። ድንጋዩ አብሮ መምጣት ከጀመረ ይቆማል፤ ጠንክሮ የተያዘው ይተዋል። የተላጠው ግድግዳ ወዲያው አይለሰንም። አንድ በጋ ይደርቅ። ባለሱቆች ይህን አይወዱም፤ ገዢ ይሸሻል ይላሉ። ግን እርጥብ ግድግዳ ላይ የተለሰነ ኖራም ይረግፋል።

ከዚያ ልስኑ። የተቦረቦረው በጭድ ጭቃ ይሞላል። ልስኑ በአንድ ባልዲ ኖራ ሦስት ባልዲ የታጠበ አሸዋ ነው። በከረጢት የሚሸጠው የኖራ ዱቄት በውኃ ተነክሮ ቢያንስ አንድ ቀን፣ ቢቻል ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ እንደ ቅቤ ሲሆን ይሠራል። ያልበረደ (ገና ውኃ ያልነካው) ኖራ ከተገኘ ሁልጊዜ ኖራው ወደ ውኃ ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ ኖራ አይፈስስም፤ ይፈላል፣ ዓይን ያጠፋል። ግድግዳው ይረጥባል፣ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ልስን በሁለት ዙር ይገባል፤ ከዚያ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆያል። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ስለሆነ ወራት ይፈጃል፤ ፀሐይ ላይ ቶሎ የደረቀ ኖራ ዱቄት ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ለአሲዳማ አፈር ማከሚያ ለገበሬ የሚታደለው ኖራ ለዚህ አይሆንም። እርሱ የተፈጨ ድንጋይ ነው፤ ስላልተቃጠለ አይዝም፣ አይጠነክርም። ቀለሙ አንድ ስለሆነ ብዙ ግንበኛ ተሳስቷል።

ጊዜው ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ያጥበዋል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ትኩሱን ልስን ያፈነዳዋል። በልግ ካካፋ ላስቲክ ይወጠራል፤ ለዚህ ጊዜ ላስቲክ ጥሩ ነው።

ስንጥቁ ምን ይናገራል?

ሁሉም ስንጥቅ አያስደነግጥም። እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ቀጭን ስንጥቅ የልስን ነው። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ መሠረቱ በአንድ ወገን እንደሰመጠ ያመለክታል። በማዕዘን ላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ሁለቱ ግድግዳዎች እየተለያዩ መሆኑን ይናገራል። ከሁሉ የሚከፋው ስንጥቅ የሌለው ነው፦ ሆድ ያወጣ ግድግዳ። ሁለቱ የድንጋይ ፊቶች ተለያይተው መሀላቸው ያለው ጠጠር ወደ ታች ተጭኗል ማለት ነው፤ ማሰሪያ ድንጋይ ያልገባበት ቤት እዚህ ይጋለጣል። ይህ በልስን አይታከምም፤ በእንጨት ተደግፎ ባለሙያ ይጠራ።

ስንጥቁ እየሰፋ መሆኑን ለማወቅ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ በእርሳስ ምልክትና ቀን ይጻፋል፤ መሀሉ ላይ ትንሽ ጄሶ ይለጠፋል። ጄሶው በሦስት ወር ውስጥ ከተሰበረ ግድግዳው ይንቀሳቀሳል።

የመሬት መንቀጥቀጥም እዚህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1953 በካራቆሬ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷታል፤ በ2017 ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው ደግሞ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። የሚገርመው፣ የተናቀው ጭቃ ቤት እንጨቱ እስካልበሰበሰ ድረስ ከድንጋይ ቤት ይልቅ መንቀጥቀጥን ይችላል፤ ማገሩ ይወዛወዛል፣ ጭቃው ይረግፋል፣ ቤቱ ይቆማል። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ግን ክብደት አለው፤ መያዣ የለውም። በግድግዳው አናት ዙሪያውን የሚያስር የእንጨት ወይም የአርማታ መቀነት ብዙ ያግዛል።

ሰው ራሱ የሚያመጣው ጉዳትም አለ። ፎቁን መጋዘን ያደረገ ነጋዴ ይቁጠር፦ 20 ኩንታል እህል 2,000 ኪሎ ነው። በ2 ካሬ ሜትር ላይ ከተደረደረ በካሬ ሜትር 1,000 ኪሎ ይሆናል። የመኖሪያ ወለል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ለ200 ኪሎ ያህል ነው። ወለሉ ሳይወድቅ የቆየው ጠንካራ ስለሆነ ሳይሆን እስካሁን ስለተረፈ ነው። የግድ ከሆነ ኩንታሉ በግድግዳው ሥር ይደርደር፣ መሀል ወለል ላይ አይቆለል። ወለሉን የተሸከሙት አግዳሚዎች ግድግዳ ውስጥ የገባው ጫፋቸው ይበሰብሳል፤ በጩቤ ወይም በካቻቢቴ ሲወጉት ያለ ጉልበት 1 ሳንቲ ሜትር ከገባ ይለወጥ።

ሁለት ሱቅ አንድ ለማድረግ መሀሉን ግድግዳ መንደልም እንዲሁ ነው። ያ ግድግዳ ፎቁንና ጣራውን የተሸከመ ሊሆን ይችላል። የሚተካው ትራቭ በሁለቱም ጎን ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ካላረፈ፣ ከሥሩም ጠንካራ ድንጋይ ካላገኘ ጫፉ ጭቃውን ይበላል።

ቤቱ የማነው? ማንስ ይፈቅዳል?

ሐምሌ 19 ቀን 1967 የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራዩ በወር ከ100 ብር በታች የነበረው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበረው ወደ መንግሥት ኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ሄደ። ብዙ አሮጌ ሱቅ በዚህ መንገድ የቀበሌ ቤት ሆነ። ኪራዩ ትንሽ ሆኖ ቀረ፣ ሰፊው ቤት በኮምፔንሳቶ ተከፋፍሎ ለአራት አምስት ሰው ታደለ። አንድ ጣራ ሥር ያሉ አምስት ተከራዮች ሲኖሩ ጣራው የማንም አይሆንም፤ ቤቱ የሚፈርስበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ቅርስነትን በተመለከተ መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው፤ የፌዴራልና የክልል ቅርስ የሚለየው ደግሞ በ839/2006 ነው። የተመዘገበ ቅርስ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አይፈርስም፣ መልኩም አይለወጥም። ማርጀት ብቻውን ቤትን በመዝገብ አያስገባም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ለወረዳው ወይም ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የሚቀርብ ነው፦ ተመዝግቧል ወይ? ካልተመዘገበ እንዲጠና በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል። ማመልከቻው «አባቶቻችን የሠሩት» ከሚል ይልቅ ልኬት፣ ፎቶና የግድግዳውን ዓይነት ቢይዝ ተሰሚነቱ ይጨምራል። ቅርስ ባይሆንም ግንባታም ማፍረስም በሕንፃ አዋጅ መሠረት የከተማውን ፈቃድ ይጠይቃል።

እንዲፈርስ ከተወሰነስ?

ከመፍረሱ በፊት ሁለት ቀን ይበቃል። አራቱም ፊት ሜትር ወይም ርዝመቱ የታወቀ ዘንግ ተደግፎ ፎቶ ይነሣ፤ ያለ መለኪያ የተነሣ ፎቶ መጠን አይናገርም። የየክፍሉ ርዝመት፣ ስፋት፣ ከፍታና ሰያፍ ይለካ፤ ሰያፉ ከሌለ ክፍሉ የተጣመመ መሆኑ አይታወቅም። ከመገጣጠሚያው እፍኝ ጭቃ ወይም ኖራ በላስቲክ ተይዞ ከየትኛው ግድግዳ እንደተወሰደ ይጻፍበት። በሩ፣ መስኮቱ፣ ባንኮኒውና የባልኮኒው ፍልፍል መጀመሪያ ይውረድ፤ ማሽን ከገባ በኋላ የሚተርፍ እንጨት የለም። በወረደው ዕቃ ላይ ቁጥር በጠመኔ አይጻፍ፣ ዝናብ ያጠፋዋል። የቆርቆሮ ቁራጭ ላይ ቁጥሩ በሚስማር ይወጋና በሽቦ ይታሰር።